አሮጊቷን የት እናስቀምጣት?

ሶፋ ጠጋኙን የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚጠራው «ስፖንጅ» እያለ ነው። ቀኑን ሙሉ ስፖንጅ ሲቆርጥና ሲያጣብቅ ስለሚውል ነው የሚሉ አሉ። የለም፣ የነገሩትን ሁሉ መልስ ሳይሰጥ ስለሚመጥ ነው የሚሉም አሉ። እሱ ሁለቱንም ሰምቷል፤ ሁለቱንም መጦ ዝም ብሏል።

ሚስት አላገባም። በጎልማሳነቱ ለምን እንደሆነ ሲጠይቁት «ስትመጣ እናያለን» ይል ነበር። እሷም ሳትመጣ ቀረች፣ እሱም ወጥቶ አልጠራትም። ቤቱ ግን ባዶ ሆኖ አያውቅም። ታላቅ እህቱ ባሏ ሲሞት ሴት ልጇን አዝላ መጣችና እዚያው ከረመች፤ ልጅቷ ከጀርባ ወርዳ በር እያጋጨች እስከምትወጣበት ዕድሜ ድረስ ሦስቱም በአንድ ጣሪያ ሥር ኖሩ። ከዚያ አንድ ሆቴል እህቱን የልብስ እጥበት ክፍሉ አለቃ አድርጎ ቀጠራትና እናትና ልጅ ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ።

መኪናው ሲነሳ ስፖንጅ እጁን አውለበለበ። ቤት ገብቶ ሬዲዮኑን እስከ ጥግ ከፈተው። እህቱ ብትኖር «ኧረ ጆሯችንን!» ትል ነበር። ማንም ምንም አላለውም። ትንሽ ጠበቀና ራሱ ቀነሰው።

የእህቱን ልጅ «ጩጬ» ነው የሚላት፤ ቁመቷ ከሱ ከበለጠ ወዲህም ቢሆን ጩጬ ናት። ከመሄዷ በፊት ስልኩን ከእጁ ተቀብላ አንድ የካርታ ጨዋታ ጭናለት ነበር።

«አጎቴ፣ አንተ በስልክ ማውራት አትችልበትም» አለችው። «‘ደህና ናችሁ? ደህና ነኝ፣ በሉ እሺ’ ብለህ ጆሮዬ ላይ ትዘጋለህ። ስለዚህ እየተጫወትን እናወራለን።»

«እኔ ካርታ መች ተጫውቼ አውቃለሁ?»

«ካርታ ብቻ አይደለም፤ ጦርነት ነው።»

«ይባስ!»

ጨዋታው እንዲህ ነው። ስልኩ ላይ አንድ ሜዳ ይወጣል፤ ሜዳው ከፊት፣ ከመሃልና ከኋላ ረድፍ አለው፤ በየረድፉ ሦስት ሦስት ቦታ። በእያንዳንዱ ካርድ ላይ አንድ ተዋጊ ተስሏል፦ ጋሻ ያዥ፣ ቀስተኛ፣ ፈረሰኛ፣ እሳት የምትተፋ ወፍ፣ ሌላም ሌላም። በጥንድ ሲጫወቱት አንደኛው ከካርዶቹ መሃል የሚዘምቱትን ይመርጣል፤ ሌላኛው የተመረጡትን በየቦታቸው ያሰልፋል። ተሰልፈው ካበቁ በኋላ ውጊያው በራሱ ይካሄዳል፤ ተጫዋቹ ቁጭ ብሎ የእጁን ያያል። ጩጬ መራጭ ሆነች፣ ስፖንጅ አሰላፊ።

«ዕድሜህን ሙሉ ሰው የሚቀመጥበትን ስትሠራ ነው የኖርከው» አለችው ሥራውን ስታካፍለው። «ማሰለፍ አያቅትህም።»

አቃተው።

ችግሩ አሮጊቷ ናት። ከካርዶቹ መሃል ምርኩዝ የያዘች፣ ጎበጥ ያለች መድኃኒተኛ አሮጊት አለች። ከፊቷ የቆመው ተዋጊ ሲቆስል ታድነዋለች፤ እሷ ራሷ ግን በአንድ ምት የምትወድቅ ናት። ጨዋታውን ያየ ሰው ሁሉ ከኋላ ረድፍ፣ ከጋሻ ያዡ ጀርባ ይደብቃታል። ስፖንጅ የመጀመሪያ ቀን ካርዷን ትክ ብሎ አየና ከፊት ረድፍ፣ መሃል ላይ አስቀመጣት።

«አጎቴ! ምን እያደረግክ ነው?»

«ምን አደረግኩ?»

«አሮጊቷን ከፊት!»

«ታዲያ የት ላስቀምጣት? እነዚህ ጎረምሶች ከፊት ተንሰራፍተው እሷ ጥግ ትያዝ?»

«ጦርነት እኮ ነው!»

«ጦርነትም ቢሆን። ትልቅ ሰው ናት።»

ውጊያው ተጀመረ። የጠላት ፈረሰኛ መጀመሪያ ያገኘው አሮጊቷን ነው። ስፖንጅ «ኧረ! ኧረ ይሄ ባለጌ!» ብሎ ከመቀመጫው ተነሳ። ከወዲያ ማዶ ጩጬ ሆዷን ይዛ ስትንከተከት ይሰማል፤ ከሷም ጀርባ እህቱ «ምንድነው እንዲህ የሚያስቃችሁ? ለኔም ንገሩኝ እንጂ» ትላለች። ስልክ ብቻ የነበረበት ክፍል ሰው የመላበት መሰለ። ተሸነፉ፤ ግን እንዲህ ያለውን ሽንፈት ማን ይጠላል?

ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስፖንጅን ሱቁ ውስጥ የሚያገኘው የለም። ማስቲሹን ከድኖ፣ መዶሻውን ሰቅሎ፣ ወደ ቤቱ እብስ ነው። አሮጊቷ ከኋላ መሆን እንዳለባት ገብቶታል፤ ሞኝ አይደለም። እጁ ነው እሺ የማይለው። አንዳንዴ ጨክኖ ከኋላ ያስቀምጣታል፤ የማሰለፊያው ሰዓት ሊያልቅ ሲል ግን እንግዳ በር ላይ ያስቀመጠ ያህል ይጨንቀውና መልሶ ያወጣታል። ከብዙ ክርክር በኋላ መሃል ረድፍ ላይ ተስማሙ። ጩጬ ምርጫ ታውቅበታለችና፣ በሷ ብልሃት እየወደቁም እየተነሱም ደረጃቸው ከፍ ማለቱ አልቀረም።

ከሱቁ ጎን የሶፋ ልብስ የምትሰፋ ሴት አለች። የልብስ ስፌት መኪናዋ ጸጥ ባለ ቁጥር ምላሷ ሥራ ይጀምራል።

«ስፖንጅ፣ ትናንትስ እንዴት ሆናችሁ? አሸነፋችሁ ወይስ አሮጊቷን አስፈጃችኋት?»

«መሃል ላይ ነበረች።»

«እድገት ነው! በዚህ አካሄድህ የዛሬ ዓመት ከኋላ ትደርሳለች።»

«አንቺ ደግሞ ነገር ትወጃለሽ።»

«እኔማ የገረመኝ ሌላ ነው። ድሮ እዚህ ሱቅ ከመዶሻህ በስተቀር ድምፅ አልነበረህም። አሁን ትስቃለህ። ሴት አገኘ ብዬ ላወራ ነበር፤ ለካ የምርኩዝ ባለቤት ናት!»

ስፖንጅ ሳቀ። ስንት ዓመት ጎን ለጎን ሲሠሩ ጥርሱን ያየችው ገና አሁን ነው።

ግን ጩጬ ራሷ እየቆየች ሳቋን ቀነሰች። ሲያሸንፉ «እሺ» ትላለች፣ ሲሸነፉ «እሺ» ትላለች። አሮጊቷ ስትመታ ስፖንጅ «ኧረ ይሄ ባለጌ!» ቢልም፣ ሆን ብሎ ከፍ አድርጎ ቢለውም፣ ከወዲያ በኩል ድምፅ የለም። አንድ ቀን ጨዋታው ካለቀ በኋላ ስልኩን ሳትዘጋ ቆየች።

«አጎቴ፣ ነገ የግድ ማሸነፍ አለብን።»

«ምነው ኮስተር አልሽ?»

«ነገ ዙሩ ያልቃል። አንድ ጨዋታ ነው የቀረን። ካሸነፍን የላይኛው ሜዳ እንገባለን።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ክፍሌ ውስጥ ይሄን የሚጫወቱ ልጆች አሉ። በእረፍት ሰዓት ደረጃው ሥር ተሰብስበው ይቀመጣሉ። ሁሉም የላይኛው ሜዳ ናቸው። እዚያ ያልደረሰ ምን ብሎ ይጠጋቸዋል?»

«አንቺስ የት ትቀመጫለሽ?»

ጩጬ የስልኩን ጀርባ በጥፍሯ ስትቧጥጥ ይሰማል።

«ጩጬ?»

«መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ አግዳሚ አለ።»

ስፖንጅ መቀመጫ ያውቃል። የትኛው ሰው ወዶ እንደተቀመጠበት፣ የትኛው ቦታ አጥቶ እንደሄደበት፣ ጨርቁን ሲገልጥ ይነግረዋል። መጸዳጃ ቤት አጠገብ ያለ አግዳሚ ማንም መርጦት አያውቅም።

«ለእናትሽ ነግረሻታል?»

«እሷ ራሷ ገና ሥራውን እየለመደች ነው። እንዳትነግራት። ማልልኝ!»

«አልነግራትም። በይ ነገ እናሸንፋለን፤ ከዚያ እላይ ሆነን ደግሞ እንጫወታለን።»

«እላይማ ጥንድ የለም አጎቴ። ለየብቻ ነው። አንተም የራስህን መርጠህ ታሰልፋለህ፣ እኔም የራሴን። ወደ ታች መመለስም የለም።»

«ለየብቻ» አለ ስፖንጅ።

«አዎ። እዚያ ከደረሰ በኋላስ ማን መመለስ ይፈልጋል?»

«እውነትሽን ነው። ማን ይፈልጋል?» ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮው አዛወረ። «ብንሸነፍስ?»

«ብንሸነፍ ሁሉም እንደገና ከታች ይጀመራል። ስንት ወር!»

«ስንት ወር... በጥንድ?»

«በጥንድ ነዋ! አስበው እንግዲህ!»

አሰበው።

በማግስቱ ሱቅ ውስጥ ሲያስበው ዋለ። የአንድ ጥርስ ሐኪም ማስተናገጃ ክፍል ሶፋ ነበር የያዘው። ሞላዎቹን አጠበቀ፣ ስፖንጁን አለበሰ፣ ጨርቁን ወጠረና ዙሪያውን በምስማር መትቶ ጨረሰ። ልብስ ሰፊዋ መጥታ ከበላዩ ቆመች።

«እጅህ ይባረክ። ጨርቁ ግን የተገለበጠ ነው።»

አየው። እውነትም የውስጡ ወደ ውጭ ነው። ጉጠቱን አንስቶ ምስማሮቹን አንድ በአንድ መንቀል ጀመረ። እየነቀለም፣ ቀና ሳይል፣ «ስሚ እስቲ» አላት። «አንድ ሰው ሳያስበው ቢሳሳትና በስህተቱ ቢጠቀም፣ ጥፋት ይባላል?»

«ሳያስበው ከሆነ ምን ጥፋት አለው?»

«አስቦበት ሆኖ፣ ያላሰበበት ቢመስልስ?»

ሰፊዋ መቀሷን አስቀመጠች። «ስፖንጅ፣ ምን ሰረቅክ?»

«ገና አልሰረቅኩም።»

«በል እንግዲህ ከመስረቅህ በፊት ጨርቁን አቃና። የጥርስ ሐኪም ነው፤ ቢናደድ መንጋጋህን ነው የሚይዝህ።»

ሳቀላት፤ ግን ሳቁ ከአንገት በላይ ነበር።

ሰዓቱ ሲደርስ ቤቱ ገባ፤ እጁን ሁለት ጊዜ ታጠበ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ስልኩን ከፈተ። ጩጬ ቀድማ ገብታለች። «አለሁ አጎቴ» አለች በሹክሹክታ። የመረጠቻቸው ካርዶች ከሜዳው በታች ተደረደሩ፦ ሁለት ጋሻ ያዦች፣ ቀስተኛው፣ ፈረሰኛው፣ ወፏ። መጨረሻ ላይ ምርኩዟን ተደግፋ አሮጊቷ።

ጋሻ ያዦቹን ከፊት ረድፍ ግራና ቀኝ አደረጋቸው። ፈረሰኛውን ከመሃል ረድፍ፣ ቀስተኛውንና ወፏን ከኋላ። አሮጊቷ እጁ ላይ ቀረች። ክፍት የቀሩት ቦታዎች አራት ናቸው፤ እሱ የሚያያቸው ግን ሁለቱን ብቻ ነው። አንደኛው ከፊት፣ ከሁለቱ ጋሻ ያዦች መሃል። ሌላኛው ከኋላ፣ ጥጉ።

ከፊት ቢያስቀምጣት ማንም አይጠረጥረውም። ቀላሉ ነገር ይሄ ነበር። ጩጬ «ኧረ አጎቴ!» ትላለች፤ ምናልባት ታለቅሳለች፤ ግን የታወቀ አመሉ ነው፣ ያ የድሮ አመሉ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሳቀበት። ጠበቃ እንኳ አያስፈልገውም። ነገ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ «አለሁ አጎቴ» የሚል ድምፅ እዚህ ክፍል ይገባል፤ ከነገ ወዲያም፤ ስንት ወር።

ጣቱ አሮጊቷን እየጎተተ ወደ ፊት ረድፍ ወሰዳት። እዚያ ሲደርስ ሳይለቃት ያዛት። ሰዓቱ እየቆጠረ ነው። «ከኋላ አድርጋት» ብትለው በሰማት ነበር፤ ወይም ደግሞ ብትለው ሊናደድና እልክ ሊይዘው ይችል ነበር። እሷ ግን አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ትንፋሿ ብቻ ይሰማዋል፤ አጭር አጭር፣ ፈተና ላይ እንዳለ ልጅ። ይህቺ ልጅ፣ አፏ እንደ ወፍጮ የማያርፈው፣ እረፍት ሲደወል አግዳሚው ላይ እንዲህ እየተነፈሰች ይሆናል የምትቀመጠው።

«ይቅርታ እናቴ» አለ ስፖንጅ ለካርዷ፣ ቀስ ብሎ። ከፊት ረድፍ ወደ ኋላ ጎትቶ ከቀኙ ጋሻ ያዥ ጀርባ፣ መጨረሻው ጥግ ላይ አስቀመጣት።

ውጊያው ረዘመ። የግራው ጋሻ ያዥ ወደቀ፤ ፈረሰኛው ተከተለው፤ ቀስተኛው ሁለት ጠላት ጥሎ ወደቀ። የቀኙ ጋሻ ያዥ ተንበረከከ፤ አለቀለት ሲሉ ከጥጉ ምርኩዝ ብልጭ አለና ቀና አለ። ደግሞ ተንበረከከ፤ ደግሞ ቀና አለ። እንዲህ እያለ የወዲያኛው ወገን ጉልበት አለቀና ወፏ የመጨረሻውን አቃጠለችው።

ጩጬ የለቀቀችው ጩኸት ስልኩን ሊሰነጥቀው ደረሰ። «አሸነፍን! እማ! ገባን! ከኋላ አደረጋት እኮ፣ አጎቴ ከኋላ አደረጋት!» እግሯ ወለሉን እየደበደበ ሲርቅ ይሰማል፣ እህቱ «ልጄን ምን ነካብኝ!» ስትል ይሰማል፣ ከዚያ ሳቅ፣ ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። በደስታዋ ደህና እደር ማለቱን ረስታው ነው። አይፈረድባትም።

ስፖንጅ ስልኩን ሶፋው ላይ፣ ከጎኑ አስቀመጠው።

በሳምንቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ደወለች። ደረጃው ሥር መቀመጥ ጀምራለች። አንዷ ልጅ ፀጉሯን ሠርታላታለች፤ አንዱ ደግሞ እንዴት ቀስተኛ እንደምትመርጥ አሳዪኝ ብሏታል። «አየህ አጎቴ!» ትላለች። «አየሁ» ይላል። ከዚያ የውሃ ሽታ ሆነች። እሱም ሊደውል ስልኩን ያነሳና «ደህና ነሽ» ካለ በኋላ የሚለው ሲጠፋው መልሶ ያስቀምጠዋል።

ብቻውን ሊጫወት ሞክሯል። መረጠም አሰለፈም። «ይቺን የት ላድርጋት?» ብሎ ጮክ ብሎ ጠየቀ፤ የሚከራከረው አልነበረም፤ ደስ ያለው ቦታ ላይ አስቀመጣትና ተሸነፈ። የማይሳቅበት ሽንፈት ምን ያደርጋል? ተወው።

አንድ ቀን ግን እንዲሁ ሲነካካ የጩጬ ስም ላይ ጣቱ አረፈና ሌላ ሜዳ ተከፈተለት። የሷ ነው። እየተጫወተች ነው። የላይኛው ሜዳ እንደዚህ ነው ለካ፤ ከውጭ ሆኖ ማየት ይፈቀዳል፤ መናገር ግን አይቻልም። ካርዶቿን ስታነሳና ስትጥል አየ። «ተይ፣ ፈረሰኛውን አትቸኩይበት» አላት። ቸኮለችበት። «አላልኩሽም!» አለ ለግድግዳው።

በሜዳው ጥግ ትንሽ የዓይን ምልክት አለ፤ ከአጠገቡ 1 የሚል ቁጥር። ይሄ ደግሞ ምንድነው ብሎ ሲያስብ ቆየና ገባው፦ አንዱ እሱ ነው። ይህን ቁጥር እሷም ታየዋለች ማለት ነው። በሰው መስኮት ሲያጮልቅ የተያዘ ያህል ፊቱ ጋለና ጨዋታውን ዘግቶ ወጣ።

ወጥቶ ግን ዕረፍት አላገኘም። አሁን ከዓይኑ ምልክት አጠገብ ምን ይላል? ባዶ ይላላ። ልጅ ያን ያህል ደክሞ ሲያሰልፍ፣ ቀና ብሎ ሲያይ ባዶ! የቱ ይብሳል? ሲያሰላስል ሲያሰላስል ተመልሶ ገባ። ጨዋታው እስኪያልቅ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ገባ።

በእረፍት ቀን እህቱ ደወለች። የሆቴሉን አንሶላ ብዛት አማርራ ሳትጨርስ ጩጬ ስልኩን ነጠቀቻት።

«አጎቴ፣ ጉድ ልንገርህ! አድናቂ አለኝ!»

«የምን አድናቂ?»

«ስጫወት ሁልጊዜ የሚያየኝ ሰው አለ። ስሙ አይታይም፤ ቁጥሩ ብቻ ነው የሚታየው። አንድ ቀን ወጥቶ ደግሞ ተመልሶ ገባ! ደረጃው ሥር ካሉት ልጆች አንዳቸውም ተመልካች የላቸውም። ቅናት ሊገድላቸው ነው።»

«አይ ጩጬ።»

«ማን ይመስልሃል?»

እኔ ነኝ ማለት አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ሁለት ቃል ናት። ግን ቢላት ምን እንደሚሆን አየው፤ «አንተ ነህ እንዴ?» ትላለች፣ ከልቧም ደስ ይላታል፣ ነገ ደረጃው ሥር ስትቀመጥ ግን አድናቂው አጎት ይሆናል። አጎት ደግሞ ማንም አለው።

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አላት። «አንቺስ ማን ይመስልሻል?»

«ወጣት ይመስለኛል። ሩቅ አገር ያለ። በጣም ጎበዝ ተጫዋች ሆኖ አሰላለፌን ሊያጠና የሚገባ።»

«ይሆናል» አለ ስፖንጅ። «እንዲህ ያለ ሰው የማይረባ ነገር አያይም። እንግዲህ ተጠንቅቀሽ አሰልፊ።»

«እጠነቀቃለሁ!»

በማግስቱ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሜዳዋን ከፍቶ ጠበቃት። ገባች። ቁጥሩ አንድ ሲል አይታው መሆን አለበት፤ ካርዶቹን እንደ ወትሮው አልጣለቻቸውም። አንዱን አንስታ በሜዳው ላይ ዞር ዞር ታደርገዋለች፣ ልታስቀምጠው ስትል ታነሳዋለች፣ ታዩኛላችሁ እንደሚል ሰው እየተኩነሰነሰች ሌላ ቦታ ታሳርፈዋለች። ስፖንጅም፣ ሩቅ አገር ያለ ወጣት ይቀመጣል ብሎ እንዳሰበው፣ ጀርባውን አቃንቶ ተቀመጠ።